ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ሃይላንድ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባለቤቴና ከሁለት ትንንሽ ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። አካባቢ ላለመበከል ብዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ምንም ነገር አልጥልም። በረንዳዬ ላይ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ ሃይላንድ አለ። ፌስታልም ተጠራቅሟል። ቪዲዮ እያየሁ ከሃይላንድ የአበባ ማስቀመጫ ሠርቼ ቀለም ቀብቻለሁ። ፌስታሉን እንደ ክር እየቆረጥኩ በኪሮሽ ምንጣፍ ጀምሬያለሁ። ያገለገለ ዘይት ሳሙና ይሆናል ሲሉ ሰምቼ እሱንም እያስቀመጥኩ ነው። የቀለም ባልዲ አጥቤ የመጠጥ ውሃ አጠራቅምበታለሁ። ባለቤቴ ግን 'ቤቱን ቆሼ አደረግሽው' ይለኛል። ማነው ልክ? የቱን ልቀጥል፣ የቱን ልተው?»

ምላሽ፦ ስለ በረንዳው ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ስለ ሐሳቡ ግን እርስዎ ልክ ነዎት። የቀለም ባልዲውን ውሃ ዛሬውኑ ይድፉት፤ ይህ ነገ የሚባል አይደለም። ሃይላንዱን ለቆራሌው ይስጡ። የፌስታሉ ምንጣፍ ይቁም። ሳሙናው ይቻላል፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ባይሞክሩት እመርጣለሁ። ጉልበትዎን ጨርቅና የወጥ ቤት ትራፊ ላይ ያውሉት። አሁን ምክንያቱን ልንገርዎ።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ዕቃ ስላልተጣለ ብቻ መልሰን ተጠቀምንበት ማለት አይደለም። በረንዳ ላይ የተከመረ ሃይላንድ ያው ቆሻሻ ነው፤ ቦታው ነው የተቀየረው። እኔ ከአሮጌ ዕቃ አንድ ነገር ለመሥራት ስነሳ ራሴን የምጠይቀው «ይህን ባልሠራ ምን እገዛ ነበር?» ብዬ ነው። ከአሮጌ አንሶላ የገበያ ቦርሳ ቢሰፉ፣ ከሱቅና ከጉሊት የሚቀበሉት ፌስታል በየሳምንቱ ይቀንሳል። ይህ ሊቆጠር ይችላል። ከሃይላንድ የተሠራው የአበባ ማስቀመጫስ? ባይሠሩት ኖሮ ሊገዙት ነበር? አይመስለኝም። እንዲያውም ቀለም ገዝተዋል፤ ሙጫም ሳይገዙ አልቀሩም። ከዓመት በኋላ አቧራ ጠጥቶ ሲሰለችዎ ይጥሉታል። ቀለምና ሙጫ የነካው ጠርሙስ ደግሞ ቆራሌውም አይፈልገውም። ተፈጭቶ ሌላ ነገር መሆን ይችል የነበረውን ዕቃ መንገዱን ዘጋንበት ማለት ነው። ልጆች በዕረፍት ቀን አንድ ሁለት ቢሠሩ ደስ ይላል፤ እኔም ከልጆቼ ጋር ሠርቻለሁ። ግን ጨዋታ ነበር፤ በጨዋታነቱ ይያዝ።

ሃይላንድ መጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። አሁን የጠርሙሱ ሁሉ ስም ሆኗል። ፕላስቲኩ ፔት ይባላል። ጠርሙሱን ገልብጠው ከሥሩ ቢያዩ በሦስት ቀስቶች መካከል 1 ቁጥር ያገኛሉ። በቆሻሻ ንግድ ውስጥ ከፕላስቲኮች ሁሉ ዋጋ ካላቸው አንዱ ይኸው ነው። ይጨመቃል፣ ይፈጫል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ ቀልጦ እንደገና ጠርሙስ ወይም የጨርቅ ክር ይሆናል። ፖሊስተር ብለን የምንለብሰው ጨርቅ የተሠራው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው። ይህን ቤት ውስጥ ልሥራው ቢሉ አይሆንም። ፔት የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ማሽን ይፈልጋል። የእርስዎ ድርሻ ጠርሙሱ ንጹሕ ሆኖ ማሽኑ ጋር እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ያን መንገድ የሚያውቀው ደግሞ በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ነው። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። እሱ ከእርስዎ ይገዛል፣ ለሰብሳቢ ይሸጣል፣ ሰብሳቢው ለፈጪው ያቀርባል። ከዚህ ሰንሰለት ሌላኛው ጫፍ የመርካቶው ምን አለሽ ተራ አለ። እዚያ በርሜሉ የከሰል ምድጃ ሆኗል፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ሆኗል፣ ጣሳው ኩራዝ ሆኗል። ይህ ሁሉ ሲሆን «አረንጓዴ ኑሮ» የሚል ቃል የሰማ አልነበረም። ሰው ስለ መልሶ መጠቀም ሲጠይቀኝ ከቪዲዮ በፊት ምን አለሽ ተራን አንድ ቀን ዞረህ እይ እለዋለሁ።

ስለዚህ ሦስቱን ማዳበሪያ ያስረክቡ። ከአሁን በኋላም እንዲህ አያከማቹ፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይስጡ። ውስጡን በትንሽ ውሃ ማለቅለቅ፣ ጨፍልቆ አየሩን ማስወጣት ይበቃል። ክዳኑ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ለብቻው ቢሰጡት ጥሩ ነው። ዘይት የነበረበትን ጠርሙስ ከውሃው ጋር አይቀላቅሉት። የሚያገኙት ገንዘብ ትንሽ ነው። እኔ ለልጁ በነጻ ነው የምሰጠው፤ ለእሱ የቀን ገቢ ነው።

ሃይላንድ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ የለም ማለቴ አይደለም። ጥቂቶቹን ያስቀሩ። ወገቡ ላይ ቆርጠው ከሥሩ አራት አምስት ቦታ ቢበሱት ለችግኝ ጥሩ ነው፤ የችግኝ ላስቲክ ከመግዛት ይገላግላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥቅም አለው። ጥርት ያለ ውሃ ቀለም በሌለው፣ ባልተጫጫረ፣ ከ2 ሊትር በማይበልጥ ሃይላንድ ሞልተው ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ቢያስተኙት ጨረሩ ተቅማጥ ከሚያመጡት ተሕዋስያን አብዛኞቹን ይገድላል። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ሁለት ሙሉ ቀን ይፈልጋል። የደፈረሰ ውሃ ላይ አይሠራም። ኬሚካልንም አያጠፋም። ማፍላት ከቻሉ ማፍላት ይቀድማል።

ትኩስ ነገር ግን ሃይላንድ ውስጥ አይግባ። ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይጨማደዳል። ሻይም አጥሚትም ቢሆን ቀዝቅዞ ይሁን።

አሁን ከሁሉም የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ። ሱቅ ሄደን ላርጎና በረኪና በሃይላንድ እያስቀዳን እንመጣለን። ነጭ ጋዝም እንዲሁ። መልሶ መጠቀም ነው ብለን እንረካለን። እኔ ራሴ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በረኪና ከአፌ መልሻለሁ፤ ሽታው ነው ያዳነኝ። የሁለት ዓመት ልጅ ሽታ አይመርጥም። ለልጅ ሃይላንድ ማለት ውሃ ማለት ነው። በረኪናና ጋዝ በመጡበት ዕቃ ብቻ፣ ወይም የውሃ በማይመስል ዕቃ፣ ከልጅ ቁመት በላይ ይቀመጡ። ክፉ ቀን ሆኖ ልጅ ቢጠጣ እንዲያስመልሰው አያስገድዱት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል፣ ጋዝ ከሆነም ሳንባ ይገባል። አፉን በውሃ አጥበው ዕቃውን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ይሩጡ።

ወደ ባልዲው እንምጣ። «አጥቤዋለሁ» ብለዋል። ችግሩ ቀለሙ የባልዲው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ብቻ አለመሆኑ ነው። የዘይት ቀለም ማሟሟያ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። አንዳንድ ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ፤ እሱ ደግሞ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ ብረት ነው። የውሃ ቀለምም ሻጋታ እንዳይዘው መድኃኒት ይጨመርበታል። ሳሙና ይህን አያወጣም። ሽታው ስለጠፋ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ባልዲውን ለወለል መወልወያ፣ ለልብስ መዘፍዘፊያ ያድርጉት። ኋላ ላይ ሌላ ሥራም አገኝለታለሁ።

ፕላስቲክ ዕቃ መልሰው ለምግብና ለውሃ ሲጠቀሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ በፊት ምን ይዞ ነበር? ምግብ ይዞ የመጣ ዕቃ ምግብ መያዝ ይችላል። ቢጫው የ20 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ለውሃ ጥሩ ነው። ሥሩ ላይ 2 ቁጥር አለው፤ ጠንካራ ነው፣ ለዓመታት ያገለግላል። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ደጋግመው ያጥቡት፤ ከዚያ ክዳኑን ገጥመው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ብርሃን ካገኘ ውስጡ አረንጓዴ ያወጣል። የጸረ ተባይ ዕቃ ግን በምንም ተዓምር ታጥቦ ለምግብም ለውሃም አይሆንም። ገጠር ቤተሰብ ካለዎት ይህን ይንገሩልኝ። የማላታይን ጠርሙስና ጀሪካን ታጥቦ ዘይትና ጠላ ሲያዝበት በዓይኔ አይቻለሁ። መበሳት ነው ያለበት፣ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት።

ከብረት ዕቃም አንድ ልጨምር። ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራ ርካሽ የአሉሚኒየም ድስት ሁልጊዜ ደኅና አይደለም። ካሜሩን ውስጥ እንዲህ ያሉ ድስቶች ተመርምረው ወደ ምግቡ እርሳስ ሲለቁ ተገኝተዋል። ቁርጥራጩ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅምና ነው። ምድጃውን፣ አካፋውን፣ ባሬላውን ከምን አለሽ ተራ ይግዙ። ኮምጣጣና ቲማቲም የበዛበት ወጥ የሚሠሩበትን ድስት ግን ምንጩን ከሚያውቁት ቦታ።

ፌስታል። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑት እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። ገበያው ግን እንደምናውቀው ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እንግዲህ ልማዱ መለወጡ አይቀርም፤ እርስዎ ቀድመው ጀምረዋል።

የምንጣፉ ችግር ሌላ ነው። ፌስታልን ፀሐይ ይበላዋል። ወራት ውጭ የከረመ ፌስታል ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ጠፋ ማለት ግን አይደለም፤ ደቀቀ እንጂ። ምንጣፍ ሲሆን ደግሞ ከላይ ይረገጣል፣ ይፋቃል። ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ የፕላስቲክ ብናኝ እየነዛን ነው ማለት ነው። እሳት ቢነካውም በአንዴ ይያያዛል። ከሰል አቀጣጥለው ቡና የሚያፈሉበት ክፍል ውስጥ ከሆነ እኔ አላስገባውም። የደከሙበትን ከማፍረስ ግን ጠርዙን አጥፈው፣ ጎንና ጎኑን ሰፍተው፣ ማንጠልጠያ አድርገውለት ዘንቢል ያድርጉት። ዘንቢሉ ሽንኩርትና ድንች ይሸከማል፣ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል፣ የሚመጣ ፌስታል ያስቀራል። ሌላ ግን አይጀምሩ። የተጠራቀመውን ደጋግመው ይያዙበት፤ ሲቀደድ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ያንጥፉት።

ከሰል ለማያያዝም አያንድዱት። ይህ በብዙ ቤት የሚደረግ ነው። ጥቁሩ ጭስ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከተቀላቀለበት ደግሞ ሲቃጠል ከሚያወጣቸው መርዞች አንዳንዶቹ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ጭራሮና ወረቀት ይበቃል። ትኩስ እንጀራም በፌስታል አይጠቅለል። ያልበዋል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል። በተለይ ጥቁሩን ፌስታል ምግብ አያስነኩት፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከተለቃቀመ ፕላስቲክ ስለሆነ በፊት ምን እንደነበር የሚነግርዎ የለም።

ሳሙናው። ኬሚስትሪው እውነት ነው። ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ሳሙና ይሆናሉ። ነገር ግን መጀመሪያ ምን ያህል ዘይት እንደሚተርፍዎ ያስቡ። የእኛ ዘይት ባብዛኛው ወጥ ውስጥ ገብቶ ይበላል። የሚተርፈው ሳምቡሳ ወይም ቦምቦሊኖ ሲጠበስ ነው። አንድ ኪሎ ለማጠራቀም ወራት ከፈጀብዎ ለሶዳው አደጋ የሚመጥን ሥራ አይደለም። ያችን ትንሽ ዘይት አመድ ወይም ሰጋቱራ ላይ አፍስሰው ከደረቁ ቆሻሻ ጋር ይጣሉት። ሲንክ ውስጥ አይድፉት፤ የኮንዶሚኒየም ቱቦ የሚዘጋው በዚህ ነው፣ ከዚያ ከታች ካለው ጎረቤት ጋር መጨቃጨቅ ይመጣል።

ከጎረቤቶች ሰብስበው በዓመት አንዴ ለመሥራት ከወሰኑ መጠኑ ይኸው። ለ1 ኪሎ የተጠለለ ዘይት 125 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 330 ግራም ውሃ። በኩባያ ወይም በማንኪያ አይገመትም፤ በሚዛን ብቻ። ሶዳው ወደ ውሃው ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ውሃ ሶዳ ላይ ከፈሰሰ ፈልቶ ይረጫል። ሲቀላቀል ምንም እሳት ሳይነካው ከ80 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ ሶዳው ይበላዋል፣ የሚያወጣው ጋዝም ተቀጣጣይ ነው። ሃይላንድም አይችለውም። ያ የቀለም ባልዲ ሥራ ያገኘው እዚህ ነው። የዓይን መከላከያና የላስቲክ ጓንት ያድርጉ፣ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይሥሩ፣ ልጆቹ ያን ቀን አያታቸው ዘንድ ይዋሉ። ዘይቱ ላይ አፍስሰው እንደ ላላ አጥሚት እስኪወፍር ያማስሉት። ከዚያ ካርቶን ውስጥ አፍስሰው እንዲረጋ ይተዉት፣ በማግስቱ ይቁረጡት፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር ላይ ይክረም። ለልብስና ለወለል እንጂ ለፊት አይሆንም። ሶዳ ቆዳ ላይ ከነካ ሎሚም አቼቶም አይፈልጉ፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ። ዓይን ከሆነ እየታጠበ ሐኪም ጋ።

እናቶቻችን ያለ ሶዳ ነጠላ ያነጡበት የነበረው እንዶድ ዛሬም ገበያ ላይ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያስተዋወቁት። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ናቸውና ትልቅ ግኝት ነበር። ከዚሁ ሌላ ነገር ይማሩበት። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ ገር አይደለም። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አይድፉ።

አሁን ወደምወደው ልሂድ፤ ጨርቅ። እዚህ ቤት አዲስ ነገር አልነግርዎትም። ያረጀ ነጠላ የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያ የቅቤና የጠላ ማጥለያ፣ ከዚያ የዕቃ መጥረጊያ ሲሆን አይተው ነው ያደጉት። የጠበበ ሹራብ ይተረተራል፣ ክሩ ታጥቦ በክብደት ተንጠልጥሎ ይቃናል፣ ለታናሹ ሌላ ሹራብ ይሠራበታል። ድሪቶ የድህነት ስድብ ሆኖ ቀረ እንጂ ጥሩ የእጅ ሥራ ነበር። ይህን ሁሉ ያቆምነው ሰልባጁም የቻይናውም ልብስ ሲረክስ ነው።

በኪሮሽ ፌስታል የሚሠራ ሰው እጅ አለው። እጅዎን እዚህ ያምጡት። አንድ ያረጀ የጥጥ አንሶላ ያውጡ። መሐሉ ይሳሳል፣ ዳርና ዳሩ ግን ደኅና ነው፤ ከዳሩ ይቁረጡ። 45 በ90 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ለሁለት አጥፈው ጎኖቹን ደርበው ይስፉ። ማንጠልጠያው ከ5 ሴንቲሜትር አይጥበብ፤ ቀጭን ከሆነ ሁለት ኪሎ ድንች ጣት ይቆርጣል። ቦርሳው የሚቀደደው ማንጠልጠያው በተሰፋበት ነው፤ እዚያ ላይ አራት ማዕዘን አድርገው መሐሉን በመስቀልኛ ይስፉት። ማሽን ከሌለዎት በእጅም ይሆናል፣ አለዚያ የሰፈር ልብስ ሰፊ በትንሽ ገንዘብ ይጨርሰዋል። ለእንጀራ ደግሞ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠርዙን አጥፈው ያዘጋጁ። ከእንጀራ ሻጭ ቤት እስከ ቤትዎ በዚያ ጠቅልለው ያምጡት፣ ሲቀዘቅዝ ወደ መሶቡ። ጨርቁ ውስጥ ግን አያሳድሩት፤ ይደርቃል።

አዲስ ጨርቅ ገዝተው ቦርሳ አይስፉ። ይህ ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ነው። ጥጥ ማምረት ብዙ ውሃና ጉልበት ይበላል። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አንድ አዲስ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ያለው ጫና ከአንድ ተራ ፌስታል ጋር እንዲስተካከል 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ፌስታሉ አንዴ ብቻ ተይዞ ይጣላል ተብሎ ነው ስሌቱ። አንሶላው ግን ቤትዎ ያለ ነው፤ ጥጡ ድሮ ተመርቶ አልቋል። እንደኔ ሁለት ሦስት ቦርሳ በቂ ነው። አሥራ አምስት ሰፍቶ ቁም ሳጥን ውስጥ መቆለል ያው የሃይላንዱ ታሪክ ነው።

ከቦርሳ በፊት ግን ጥገና ይቅደም። የልጆቹ የዩኒፎርም ጉልበት ከመቀደዱ በፊት ሲሳሳ ነው ከውስጥ ጨርቅ የሚደረበው። ከተቀደደ በኋላ ሥራው ይበዛል። ጫማ ሶሉ ሲላቀቅ ለሊስትሮ ወይም ለጫማ ሰፊ ይስጡ። ጥገናም ልክ አለው። ያለቀ ጨርቅ ክር አይዝም፤ ሲስቡት ከተቀደደ መጥረጊያ ያድርጉት። መጥረጊያ የሚሆነው ጥጥ ነው። ፖሊስተር ውሃ አይመጥም፣ ይገፋዋል እንጂ።

የመጨረሻው የወጥ ቤት ትራፊ ነው፤ በክብደት ካየነው ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ከየቤቱ ከምታወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። ባለቤትዎ «ቆሼ» ያሉት በቀልድ ነው። ቆሼ የሚባለው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁበት ነው። እዚያ የሚሄደውን ለመቀነስ ከፈለጉ ከሃይላንዱ ይልቅ የሽንኩርት ልጣጩን ይያዙ።

የእንጀራ ትራፊ ድርቆሽ ይሁን፤ ይህን ለእርስዎ ማስተማር አይገባኝም። ለቀረው ትራፊ ደግሞ፣ ሁለተኛ የቀለም ባልዲ ካለዎት ሥሩንና ጎኑን ብዙ ቦታ ይብሱት፣ ሥሩ ዝርግ ሳሕን ያድርጉለት። አንድ እጅ እርጥብ፣ ሁለት እጅ ደረቅ እያደረጉ ይደርድሩ። እርጥቡ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የቡና አተላ ነው። ደረቁ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ነው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ያለው ወጥ አይገባም፤ አይጥና ዝንብ ይጠራል። ጨብጠው ሲጨምቁት እንደ ተጨመቀ ጨርቅ እርጥብ ብቻ ይሁን። ከሸተተ ውሃው በዝቷል፣ ካርቶን ይጨምሩ። በሳምንት አንዴ ያገላብጡት። በሁለት ሦስት ወር ጥቁር አፈር ይሆናል። ባልዲው የቀለም ስለነበረ አፈሩን ለአበባና ለጌጥ ተክል ያድርጉት። ጎመንና ሰላጣ ሊተክሉበት ካሰቡ በዘይት ጀሪካን ይሥሩት፣ አናቱን ቆርጠው።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌውን ይጥሩና በረንዳውን ያስለቅቁ፤ ባለቤትዎም ማዳበሪያውን በመሸከም ይተባበሩ። ከሰዓት አንሶላውን ይቁረጡ። ሁለቱን ቦርሳ ሲጨርሱ አንዱን አጥፈው ባለቤትዎ የሥራ ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት። ማታ ማታ ሙዝና ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው የሚገቡት እሳቸው ከሆኑ፣ «ማነው ልክ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ የሚነሳው በእሳቸው ላይ ነው።